በጥላ የደረቀ ጌሾ፦ ጠባሴ ስላለችው የእማማ ጠላ ቤት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠላ ቤት ፈልጎ የሚያጣ ሰው የለም። ደጅ ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ከተደፋበት፣ ጠላ አለ ማለት ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ አንዲት ቤት ብቻ ነው። ጠባሴ የሚባለው ሰፈር ናት፤ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ትላለች። የንግድ ስም የላትም። ሰፈሩ "የእማማ ቤት" ይላታል። ባለቤቷ ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፣ እኔም እማማ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ደንበኛቸው ከሆንኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሦስት ነገር ይሸጣሉ። ጠላ፣ ጌሾ እና ብቅል። ጠላቸውን እወደዋለሁ፣ በደንብ እጽፍበታለሁ። እኔን እዚያ ቤት የሚያመላልሰኝ ግን ጌሾው ነው። ጠላ ሲበላሽ ሁሉም ሰው ውሃውን ያማል፣ ብቅሉን ያማል፣ ጋኑን ያማል፣ አንዳንዱ እንዲያውም የሰው ዓይን ነው ይላል። ጌሾው እንዴት እንደደረቀ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

እኔም አልጠይቅም ነበር። የኅዳር ሚካኤል ጽዋ ማኅበር ተራ እኔ ጋ የደረሰ ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እናቴ የመንዝ ሴት ናት። ስትጠምቅ እያየሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ጠላውን ከሰው አልገዛም፣ ራሴ እጠምቃለሁ አልኩ። ብቅሉን አበቀልኩ። ገብሱን ቆላሁ። ጋኑን በግራዋ ፍትግ አድርጌ አጠብኩ፣ በወይራ አጠንኩት። የቀረኝ ጌሾው ብቻ ነበር። እሱን የተወቀጠ ከገበያ ገዛሁ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ። ከማን እንደገዛሁ አልናገርም፣ ምናልባት እሱም ሳያውቅ ነው የሸጠልኝ።

ጥንስሱን፣ ማለትም ጌሾው በውሃ የተዘፈዘፈበትን የመጀመሪያውን ድብልቅ፣ በሦስተኛው ቀን ስከፍተው እምክ እምክ አለኝ። ዝናብ የመታው ጭድ ዓይነት ሽታ ነው። ቢሆንም በዓሉ ደርሷል፣ እህሉ ወጥቷል፣ ሲብላላ ይተወዋል ብዬ ቀጠልኩ። አልተወውም። ኅዳር 12 ቀን ካህኑ መርቀው ጽዋውን አነሱ፣ አንዴ ተጎነጩ፣ ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት። ምንም አላሉም። ማኅበርተኛውም ምንም አላለም። ሁሉም በጨዋነት ትንሽ ትንሽ ቀመሰ፣ ዳቦውን አመሰገነ። ጋኑ ሙሉውን ሊባል በሚችል ደረጃ ተረፈ። ማኅበር ተደግሶ ጠላ ተረፈ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቀዋል።

በማግስቱ ለእናቴ ስልክ ደወልኩ። ነገሩን ሳልጨርስ "ጌሾው ነው" አለችኝ። "የታፈነ ጌሾ ነው የሰጡሽ። ከታፈነ ጌሾ ጠላ አይወጣም።" ያን ቀን ነው አንዲት ማኅበርተኛችን ጠባሴ ሂጂ ያለችኝ።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን እማማ ዋጋ ከመንገራቸው በፊት ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ። ለጠላ ነው ለጠጅ? ለስንት ጋን ነው? መቼ ነው የምትጠነስሺው? ለጠላ መሆኑን ስነግራቸው ቅጠል አወጡ። ለጠጅ ቢሆን እንጨቱን ነበር የሚሰጡኝ። ጠላ ላይ ዋናው ቅጠሉ ነው፣ እንጨቱን በኋላ ድፍድፉ ላይ፣ ውሃ ከመሞላቱ በፊት ባለው ወፍራም ድብልቅ ላይ፣ የሚጨምር ቤትም አለ። ወቅጠው እንዲሰጡኝ ስጠይቃቸው እምቢ አሉ። "የተወቀጠ አልሸጥም ልጄ። ቅጠሉን በዓይንሽ አይተሽ ግዢ፣ ቤትሽ ወስደሽ ውቀጪው። ከተወቀጠ በኋላ ምን እንዳለበት ማን ያውቃል?"

ይቺ አንዲት ነገር ብቻዋን ለቤቱ ያለኝን አመኔታ ሠራችው። የተወቀጠ ጌሾ ውስጥ ያለፈው ዓመት ቅጠል ይቀላቀላል፣ የሻገተ ይገባል፣ አፈርም ሌላ ቅጠልም ይገባበታል። ዱቄት ሆኖ ካየሽው ሁሉም አረንጓዴ ነው። ያልተወቀጠ ቅጠል ግን መደበቅ አይችልም።

ጌሾው የሚመጣው ከትውልድ ቤታቸው ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ በደብረ ሲና በኩል፣ ወንድማቸው የሚኖሩበት ጓሮ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩ ለጋውን ቅጠል ያቃጥለዋል። ጌሾ ደግሞ ወይና ደጋ ይስማማዋል። እማማ ጠባሴም ሁለት ግንድ አላቸው፣ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠግተው የተከሏቸው፣ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ስለሚመልስ ነው የተረፉት። ከእነሱ ግን ለቤት የሚሆን እንጂ ለገበያ የሚበቃ አይገኝም።

አሁን ወደ ማድረቁ ልምጣ፣ ምክንያቱም የቤቱ ሙያ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ጠዋት እቃው ሲደርስ ነበርኩ። ሦስት ጆንያ እርጥብ ቅጠል ከሚኒባስ ጣራ ላይ ወረደ። እማማ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ነው ጆንያውን የፈቱት። እጄን ይዘው መሀሉ ውስጥ ከተቱት። ሞቆ ነበር። ከደብረ ሲና ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም፣ ግን እርጥብ ቅጠል ተጠቅጥቆ ከተቀመጠ ራሱን በራሱ ያሞቃል፣ ቆይቶ ይጠቁራል፣ ከዚያ ሻጋታ ይጀምረዋል። "ታፈነ" የሚባለው ይህ ነው። ገበያ ላይ የምናየው ጠቆር ያለ ጌሾ ብዙው ከጅምሩ እንዲህ የሞተ ነው። አንድ ሌሊት ጆንያ ውስጥ ካደረ በኋላ ቢያደርቁትም አይመለስም።

ቅጠሉን ጣራ ሥር፣ ነፋስ የሚያገኘው ፀሐይ የማያገኘው ቦታ፣ በሰሌን ላይ ስስ አድርገው ያሰጡታል። ቅጠል በቅጠል ላይ እንዳይከመር ነው። ጠዋትና ማታ ያገላብጡታል። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ በአንድ ቀን ይደርቃል፣ ብዙ ሰው የሚያደርገውም እሱን ነው፣ ግን ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ሽታውም ከአረንጓዴነቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። የመንገድ ዳር አስፋልት ላይ የሚያሰጡም አሉ። አቧራውን፣ የመኪናውን ጭስ፣ የሚያልፈውን ከብት ሁሉ አብረን እንጠጣለን ማለት ነው። የእማማ ጌሾ በጥላ አራት ቀን፣ ደመና ከሆነ እስከ ሳምንት ይቆያል።

መድረቁን የሚያውቁት በዓይን አይደለም። ቅጠሉን አንስተው መሀሉ ላይ ያለችውን ጅማት ያጥፏታል። ከተለመጠች አልደረቀችም። ቀጭ ብላ ከተሰበረች ደርሷል። እኔም ሞከርኩት። ላይኛው ክፍሉ በእጄ ሲፈርስ ጅማቷ ገና ልምጥ የምትል ቅጠል አገኘሁ፣ አሳየኋቸው፣ ፈገግ ብለው ወደ ሰሌኑ መለሷት። ቅጠሉ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ ጅማቱ ግን ውሃውን ይዞ ይቆያል። ያን ጊዜ ተቸኩሎ ከተከማቸ ያቺ የቀረች እርጥበት ከጅማቱ ወጥታ መልሳ ቅጠሉን ታረጥበዋለች። ለዚህ ነው ደርቋል ካሉት በኋላም ወዲያው የማይሸጡት። ወደ አቁማዳ ያስገቡታል፣ ሳይጠቀጥቁ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ያርፋል። በየሁለት ቀኑ አፉን ፈተው አየር ያስገቡለታል፣ እጃቸውን ሰድደው ይዳስሱታል። ሞቅ ካለ ወይ ለስለስ ካለ ተመልሶ ይሰጣል። ሲወጣ ሽታው ተለውጦ ነው የሚወጣው። እርጥብ ሣር ሣር የሚለው ይጠፋና ሻይ ቅጠልና ማር የተቀላቀለ የመሰለ፣ ጠለቅ ያለ ሽታ ይሆናል። አቁማዳው ሲፈታ አፍንጫዬን ያስጠጋሁበትን ጊዜ አልረሳውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ፈረንጅ ቢራ ውስጥ የሚገባው ሆፕ የሚባል ተክል አለ። ከካናቢስ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ጌሾ የዚያ ቤተሰብ አይደለም፣ በሳይንስ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ የሚባል የሌላ ቤተሰብ ቁጥቋጦ ነው። ግን ሥራቸው ይመሳሰላል። ሁለቱም መራራ ናቸው፣ ሁለቱም የእህሉን ጣፋጭነት ይቆርጣሉ፣ መጠጡን የሚያበላሹ ተህዋስያንንም ይገታሉ። የጌሾን ምሬት የሚሰጠውን ውህድ ተመራማሪዎች ለይተው ጌሾይዲን ብለውታል፣ ስሙን ከኛው ጌሾ ወስደው። ከተማችን ደግሞ የገብስ ከተማ ናት፤ የቢራ ፋብሪካ አላት፣ የብቅል ፋብሪካ አላት። እዚያ ሆፑ እንዳይበላሽ በብርድ ክፍል ሲጠበቅ፣ ጌሾአችን አቧራ ላይ መሰጣቱ ያበሳጨኛል። የእማማ አያያዝ ለጌሾ የሚገባውን ክብር የሰጠ ነው።

ጠላው። እማማ በሳምንት አንድ ጋን ነው የሚያደርሱት፣ ሲበዛ ሁለት። ቀጂዋ የልጅ ልጃቸው ናት፣ ጨዋና ፈጣን ልጅ። ስትቀዳልሽ መጀመሪያ ጠብታ መዳፏ ላይ አድርጋ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ነው ጣሳሽን የምትሞላው። የድሮ ወግ ነው፣ አሁን ብዙ ቤት ቀርቷል፣ እዚህ ሳየው ደስ ይለኛል።

ቀለሙ ጠቆር ያለ ቡና ዓይነት ነው፣ ብርሃን ላይ ከያዝሽው ግን ቀላ ይላል። ጠለል ያለ ነው፣ ጉሽ አይደለም። የመጀመሪያው ጉንጭ የተቆላ ገብስ ነው የሚልሽ፣ ዳቦ ቆሎ ስታኝኪ የሚመጣው ዓይነት። ቀጥሎ ወይራው ይመጣል፣ ከሩቅ። ምሬቱ መጨረሻ ላይ ነው፣ ምላስ ሥር፣ ንጹሕ ሆኖ፣ አፍ ሳይጨብጥ። ቶሎ ይመጣል ቶሎ ይሄዳል፣ አፍሽን ለሚቀጥለው ጉንጭ አዘጋጅቶልሽ። የታፈነ ጌሾ ምሬት ግን እንዲህ አይደለም። አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ውሃ ጠጥተሽበትም አይለቅም። ሁለቱን ጎን ለጎን የቀመሰ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም።

መጣጣውም ልክ ነው። ጠላ ትንሽ ሊመጥጥ ይገባዋል፣ ያለዚያ አይጥምም። ሆምጣጤ ከሆነ ግን አየር ገብቶበታል ማለት ነው። እማማ የጋኑን አፍ በጭቃ ነው የሚመርጉት፣ በላስቲክ አስረው አይተዉትም። አንዴ ከተከፈተ በሁለት በሦስት ቀን ማለቅ አለበት ይላሉ፣ ያልቃልም።

የደብረ ብርሃን ብርድ ለጠላ ፈተና ነው። ቆላ ላይ በአራት በአምስት ቀን የሚደርሰው እኛ ጋ ሳምንት አልፎም አይደርስ። ብዙ ቤት ሲቸኩል ብቅል ይጨምራል ወይ ሳይበስል ያወጣዋል፣ ያን ጊዜ ነው ሆድ የሚነፋው። እማማ ጋኑን በመንዝ ባና ይጠቀልሉታል። አዎ፣ እኛ ማታ የምንለብሰው ያ ከባድ የበግ ፀጉር ባና። ጓዳ ገብቼ አይቻለሁ፣ ጋኑ ጥግ ላይ እንደ ሽማግሌ ተከናንቦ ቆሟል። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩት። ውስጡ ጥስ ጥስ ይላል፣ በዝግታ፣ እረፍት እየወሰደ። "ድምፁ ሲጠፋ ነው የሚደርሰው" አሉኝ፣ "እኔ ቀን አልቆጥርም።"

ጥንስሱን ሲሠሩም አንድ ቀን አብሬ ዋልኩ። ቅጠሉን በሙቀጫ ወቀጡት፣ ደቀቅ አድርገው ግን እንደ ዱቄት ሳያልሙት። በታጠነ እንስራ ውስጥ ውሃ ላይ ጨመሩት፣ ሦስት ቀን። ከዚያ ብቅሉና ትንሽ ቂጣ ይገባል። ቀጥሎ ጠቁሮ ከተቆላው ገብስ የሚሠራው እንኩሮ ይነኮራል፣ ቀሪው ቂጣ ተቆራርሶ ይገባና ድፍድፍ ይሆናል፣ ድፍድፉ ሲበስል ውሃ ይሞላል። ይህን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፣ አላረዝመውም። ልዩነቱ ውሃው ላይ ነው ያየሁት። ጌሾው በገባ በነጋታው ውሃው ጥርት ያለ ሻይ መስሎ ነበር። የኔ የኅዳሩ ጥንስስ ደፍርሶ ነበር፣ ላዩም ነጭ ነገር ሸፍኖት ነበር። ያኔ አይቼው ባውቅ ኖሮ እዚያው ላይ እደፋውና እህሉን አተርፈው ነበር።

በነሱ ጌሾ ራሴ ጠምቄያለሁ ወይ? አዎ፣ አራት ጊዜ። መጀመሪያ የጠመቅሁት ለጥር ሚካኤል ነበር፣ የማንም ተራ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ያንኑ ማኅበር ቤቴ ጠርቼ። አንድ እንስራ ሙሉ ጠላ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት አለቀ። ካህኑ ሁለተኛ ጽዋ ጠየቁ። እናቴ ከመንዝ መጥታ ነበር፣ ቀመሰችው፣ ትንሽ ዝም አለችና "ጌሾው የት ነው የተገኘው?" አለች። ከሷ አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይወጣም። ስትመለስ ሁለት ኪሎ ይዛ ሄደች። የመንዝ ሴት ከደብረ ብርሃን ጌሾ ገዝታ ስትሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የጌሾው ልክ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በጥላ የደረቀ ጌሾ ኃይሉ አልጠፋም፣ ስለዚህ ከገበያው በምትለኩት ልክ አትለኩት። እኔ መጀመሪያ በለመድኩት ልክ አድርጌ፣ ሰው ቢወደውም ለኔ ትንሽ መረረብኝ፣ በሁለተኛው አንድ አራተኛውን ቀነስኩ፣ ልክ መጣ። እማማ ይህን ቀድመው ነግረውኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላመንኩት።

አሁን ቅር የሚለኝን ልናገር፣ ምክንያቱም ሁሉ ነገር ሙሉ አይደለም።

አንደኛ፣ ይህን ሁሉ ደክመው ያደረቁትን ጌሾ በፌስታል ነው የሚሰጡት። ፌስታል ውስጥ አንድ ሳምንት የተቀመጠ ጌሾ ያልበዋል፣ ያን ሁሉ ጥንቃቄ እኛ ቤት ስንደርስ እናበላሸዋለን ማለት ነው። ነገርኳቸው። "የጨርቅ ከረጢት ይዛችሁ ኑ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ግን ለአዲስ ደንበኛ ይህን የሚነግር ሰው የለም፣ እኔ እዚህ ነገርኳችሁ። ጨርቅ ከሌላችሁ ቤት እንደደረሳችሁ ወዲያው አውጥታችሁ ወደ ቅርጫት ወይ ወደ እንቅብ ገልብጡት።

ሁለተኛ፣ ጠላው ያልቃል። ሐሙስ ተከፍቶ ቅዳሜ ከሰዓት ከሄዳችሁ የምታገኙት ቅራሪ ነው። ቅራሪው መጥፎ አይደለም፣ ለጥም ጥሩ ነው፣ ለልጅም ለአዋቂም የሚሰጥ ቀጭን ነገር ነው፣ ነገር ግን ጠላ ብሎ ለመጣ እንግዳ ያሳፍራል። እንግዳ ይዤ ሄጄ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል። ሰኞና ማክሰኞ ጭራሽ አይከፍቱም።

ሦስተኛ፣ መቀመጫው። መደቡ ዝቅ ያለና ቀዝቃዛ ነው፣ ሦስት አጎዛ ነው ያለው፣ ሰው ሲበዛ ለሽማግሌዎቹ ይለቀቃል። ጉልበት የሚያማችሁ ቀድማችሁ ሂዱ። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃ ግን ሁሌ አይኖርም፣ የሰፈሩ ችግር ነው እንጂ የሳቸው አይደለም።

ዋጋው ከአካባቢው ቤቶች በጣሳ አምስት ብር ይበልጣል። ጌሾው ደግሞ ከገበያው በግማሽ ያህል ይወደዳል። ውድ ነው? ለኔ አይደለም። ከነሱ አንድ ኪሎ የምገዛበት ብር ከገበያ ኪሎ ተኩል ያስገዛኛል፣ ግን ከዚያ ላይ ግንዱን፣ አፈሩን፣ የጠቆረውን ለቅሜ ስጥል የሚተርፈኝ ያው ኪሎ ነው፣ እሱም ከታፈነ ዋጋ የለውም። አንድ ጋን ጠላ ሲበላሽ የሚጠፋውን ገብስና ማገዶ የቆጠረ ሰው በጌሾ ላይ አይከራከርም። ብቅሉ ላይ ግን ልዩነት አላየሁበትም። ጥሩ ነው፣ ቤታችሁ በደንብ የምታበቅሉ ከሆነ ግን መግዛት አያስፈልጋችሁም።

በጀሪካን ለሚወስዱ፦ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ 130 ኪሎ ሜትር መጥተው ሃያ ሊትር ጭነው ይሄዳሉ። አይመከርም። የዘይት ጀሪካን ምንም ቢታጠብ ሽታው አይለቅም፣ መንገድ ላይም ይናጣል፣ ይደፈርሳል፣ ክዳኑ ከጠበቀም ይነፋል። የግድ ከሆነ የውሃ ጀሪካን ያዙ፣ እስከ አፉ አትሙሉት፣ ቤት ስትደርሱ አንድ ሌሊት አቁማችሁ ጠለሉን ቅዱ። ጌሾውን ወስዳችሁ እዚያው ብትጠምቁ ግን ይሻላል።

ሌላው፣ ጠላ ቀላል መጠጥ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ተራው ጠላ አልኮሉ ከ2 እስከ 4 በመቶ ይሆናል፣ ወፈር ብሎ ተጠምቆ የሚጣራው፣ ፊልተር የሚባለው ጠላ 5 እና 6 ይደርሳል። የእማማው በመሀል ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ሦስት ጣሳ የጠጣ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና የምትነዱ ከሆነ ጣርማ በርን ታውቁታላችሁ፣ ጭጋጉንም ቁልቁለቱንም። እማማ ቁልፍ የያዘ ሰው ካዩ ከአንድ ጣሳ በላይ አያስቀዱለትም፣ ተቆጥተው ነው የሚመልሱት። እኔ እሰይ እላለሁ።

አዲሱ ጌሾ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው የሚገባው፣ ዝናቡ ቆሞ ቅጠሉ ሲጠነክር። ክረምት ላይ የሚሸጡት ቀድሞ የደረቀውን ነው፣ እሱም ጥሩ ነው፣ ግን ያልቃል። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር፣ አንድ አቁማዳ ብቻ ቀርቷቸዋል። ለፍልሰታ መፍቻ የምትጠምቁ ካላችሁ ቶሎ ሂዱ፣ ሐሙስ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ ታገኟቸዋላችሁ፣ የጨርቅ ከረጢታችሁን ይዛችሁ።